በአራት ሰዓት ከተራራው ራስ፣ በዐሥር ሰዓት ከዕፀ ጳጦስ ሥር

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነችኝ በአንድ የባንክ ቅጽ ጀርባ ላይ የሰፈረች ትንሽ ሠንጠረዥ ናት። አራት መስመር ብቻ አላት፦ መነሻ 2፡00፤ ከተራራው ራስ መድረሻ 7፡00፤ መውረጃ 8፡00፤ ከግርጌው መግቢያ 12፡00። የእጅ ጽሑፉ የእኔው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በታኅሣሥ ወር፣ አክስቴን ወደ ደብረ ሲና አውጥቼ በዚያው ቀን ለመመለስ ያሰናዳሁት የእግር ጉዞ ዕቅድ ነበር። ሙያዬ የባንክ ሠራተኛነት ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሒሳብ ሳመሳክር ስለምውል ድምሩን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ድምሩ ልክ ነበር። ዕቅዱ ግን ስሕተት ነበር።

ስሕተት መሆኑን ያወቅሁት ከተራራው ወገብ ላይ ነው። ለምን ስሕተት እንደ ሆነ የገባኝ ግን ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ፣ ከ1,600 ዓመታት በፊት ያንኑ ተራራ የወጣች የአንዲት ሴት የጉዞ ማስታወሻ ሳነብ ነው። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚህች ሴት፣ ከእርሷም በኋላ በዚያ በረሃማ ተራራ መንገድ ስላወጡ ሰዎች፣ በመጨረሻም ስለ እኔ ሠንጠረዥ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*

«ደብረ ሲና» ሲባል የብዙዎቻችን ልብ አስቀድሞ የሚሄደው ከጣርማ በር ቁልቁል ወደምትገኘው የሰሜን ሸዋ ከተማ ነው። ስሙን ያዋሰው ተራራ ግን በግብፅ፣ በሲና ባሕረ ገብ መሬት ደቡባዊ ክፍል ይገኛል። አገሩ ቀይና ግራጫ የግራናይት ተራሮች እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው የቆሙበት፣ እስከ አድማስ ድረስ ቅጠል የማይታይበት የድንጋይ ዓለም ነው። ዝናብ በዓመት ጥቂት ቀን ቢጥል ነው፤ ሲጥል ደግሞ ሲደርቅ የኖረውን ሸለቆ ደራሽ ጎርፍ ይሞላዋል። በረሃ ስለ ሆነ ሁልጊዜ የሚያቃጥል ይመስለናል። በክረምታቸው ሌሊት ግን ውኃ ይረጋል፤ አንዳንድ ጊዜም ተራሮቹ በረዶ ለብሰው ያድራሉ።

ዐረቦች «ጀበል ሙሳ»፣ የሙሴ ተራራ፣ ብለው የሚጠሩት ይህ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 2,285 ሜትር ይደርሳል። ከግርጌው ያለው የቅድስት ካትሪን ገዳም በ1,550 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ተጓዡ የሚወጣው ሽቅብ ከ700 ሜትር በላይ ነው። ይህን አኃዝ ከመጽሐፍ ላይ ሳነብ ፈገግ ማለቴን አልዘነጋውም። የሲና ራስ ከአራት ኪሎ አደባባይ ዝቅ ይላል! እንጦጦን ሲወጣና ሲወርድ ላደገ ሰው ይህ ምን ተራራ ነው? የመጀመሪያው ስሕተቴ ያ ፈገግታ ነበር። ተራራ የሚከብደው ከባሕር ስለ ራቀ ብቻ አይደለም፤ ጥላ፣ ውኃና ብርሃን ስለሚነሣም ነው።

ሙሴ ሕጉን የተቀበለበት ተራራ በትክክል የትኛው እንደ ሆነ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ክርስቲያኖች «ይህ ነው» ብለው ሲሳለሙት የኖሩት ግን ይህንን ነው። ከእነዚያም ከቀደሙት ተሳላሚዎች አንዷ፣ ጉዞዋን ሰዓት በሰዓት ጽፋ ያቆየችልን፣ ኤጌሪያ ናት።

*

በ1884 ጣሊያናዊው ምሁር ጃን ፍራንቼስኮ ጋሙሪኒ በአሬዞ ከተማ በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ የብራና መጽሐፍ አገኘ። መጽሐፉ በ11ኛው መቶ ዓመት በሞንቴ ካሲኖ ገዳም የተገለበጠ ነበር። በውስጡም መጀመሪያውና መጨረሻው የጠፋ፣ በላቲን ቋንቋ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ ተገኘ። የጸሐፊዋ ስም በብራናው ላይ አልነበረም። በ7ኛው መቶ ዓመት በስፔን ይኖር የነበረው መነኩሴ ቫሌሪየስ ስለ አንዲት ተጓዥ ሴት ከጻፈው ደብዳቤ ጋር ከተነጻጸረ በኋላ ግን ኤጌሪያ መሆኗ ታወቀ። ጉዞዋ የተደረገው ከ381 እስከ 384 ባለው ጊዜ እንደ ሆነ ይታመናል። ከአውሮፓ ምዕራባዊ ዳርቻ ተነሥታ ኢየሩሳሌምን፣ ግብፅን፣ ሲናንና ሶርያን ዞራለች። የጻፈችውም በአገሯ ለቀሩት፣ «እኅቶቼ» እያለች ለምትጠራቸው ሴቶች ነው።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ስለ ጠፉ ከኤጌሪያ ጋር የምንተዋወቀው ወደ ሲና ስትቃረብ ነው። ስለ ልጅነቷም ሆነ ስለ ቤተሰቧ ምንም ሳንሰማ በድንገት ከአንድ ሰፊ ሸለቆ አፍ ላይ እናገኛታለን። ሸለቆው በእርሷ ግምት 16 ማይል ይረዝማል፤ 4 ማይል ይሰፋል። መሪዎቿ ተራራው መጀመሪያ ከሚታይበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሞ መጸለይ ልማድ እንደ ሆነ ይነግሯታል። ከዚያ በፊት ያረፈችው በፋራን የበረሃ ገነት ነው፤ ፋራን ከተራራው 35 ማይል ያህል እንደሚርቅ ጽፋለች። በሮማውያን ማይል ተሰልቶ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል ማለት ነው።

ቀጥሎ የምታደርገውን ልብ ብለን እንመልከት። ቅዳሜ ማታ ከተራራው ሥር ትደርሳለች። በዚያ ከነበሩት መነኮሳት ዘንድ ታድራለች። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ከካህኑና ከመነኮሳቱ ጋር ሽቅብ ትጀምራለች። መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሆን ቀጥ ያለ መሆኑን፣ በእንስሳ ላይ ተቀምጦ መውጣት እንደማይቻል፣ ድካሙም ብርቱ እንደ ሆነ ሳትደብቅ ትናገራለች። በአራተኛው ሰዓት ከራሱ ላይ ትደርሳለች። በዚያ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ቦታው ጠባብ ስለ ሆነ ትልቅ ልትሆን አትችልም። ከሙሴ መጽሐፍ ይነበባል፤ ይቀደሳል፤ ትቆርባለች። ሊሰናበቱ ሲሉ መነኮሳቱ ከተራራው ግርጌ ካለሙት ዛፍ የተለቀመ ፍሬ ለበረከት ይሰጧቸዋል፤ ራሱ ራቁቱን የቆመ ዐለት ነውና።

ሲወርዱ ኮሬብ በምትለው በኩል አድርገው ነቢዩ ኤልያስ የተሸሸገበትን ዋሻ ይሳለማሉ። በስምንተኛው ሰዓት ገና ሦስት ማይል ይቀራቸው እንደ ነበር ጽፋለች። በዐሥረኛው ሰዓት ከዕፀ ጳጦስ ዘንድ ይደርሳሉ፤ በዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ የአትክልት ቦታና ጥሩ ውኃ አለ። መሽቷልና ለቅዳሴ ጊዜ የለም። ጸልየው እዚያው ያድራሉ፤ ቅዳሴው ለነገ ጠዋት ይቆያል።

እነሆ የአንድ ቀን የተራራ ጉዞ ዕቅድ! ከዋዜማው ከግርጌ ማደር፣ በጎሕ መነሣት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ከራሱ ላይ መገኘት፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው አለመለየት፣ ውኃ ካለበት ቦታ ሲደርሱ ገና ብርሃን መኖሩ፣ ጊዜ ያልበቃለትንም ነገር ያለ ጸጸት ለነገ ማሳደር። ኤጌሪያ ይህን ሁሉ ያደረገችው ካርታ ሳይኖራት ነው።

በሁሉም ነገር ግን ልክ ነበረች ማለት አይደለም። ከተራራው ራስ ሆና ግብፅንና ፍልስጥኤምን፣ ቀይ ባሕርንና እስከ እስክንድርያ የሚዘረጋውን ባሕር እንዳየች ጽፋለች። የሜዲትራኒያን ባሕር ከዚያ አይታይም። የወጣችበት ተራራ ከዙሪያው ሁሉ እንደሚበልጥ ትናገራለች፤ ጎረቤቱ የካትሪን ተራራ ግን ከ2,600 ሜትር በላይ የሆነ የግብፅ ከፍተኛው ተራራ ነው። ዐይኗ በፍቅር ሊሳሳት ይችላል። ሰዓቷ ግን አልተሳሳተም።

*

አሁን አንባቢዬ አንድ ነገር እንዳስተዋለ ተስፋ አደርጋለሁ። የኤጌሪያን ማስታወሻ የሚያነብ እንግሊዛዊ ወይም ፈረንሳዊ «አራተኛው ሰዓት» ከሚለው ሲደርስ ቆም ብሎ የግርጌ ማብራሪያ ማየት አለበት። «በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ዐሥር ሰዓት ገደማ ማለት ነው» ይለዋል ማብራሪያው። እኛ ግን ምን ማብራሪያ ያስፈልገናል? አራት ሰዓት አራት ሰዓት ነው! ጠዋት፣ ሻይ የሚጠጣበት ሰዓት። ዐሥር ሰዓትም ዐሥር ሰዓት ነው፤ ጥላ የሚረዝምበት፣ ከሥራ ለመውጣት ሰዓት የሚታይበት። በወንጌል ውስጥ በዐሥራ አንደኛው ሰዓት ስለ ተቀጠሩት ሠራተኞች ስናነብም እንዲሁ ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት እንደ ቀራት ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ቀኑን ከንጋት ጀምሮ መቁጠር በአብዛኛው ዓለም የጥንት ታሪክ ሆኗል። በእኛ ቤት ግን የዕለት ኑሮ ነው። ይህን ሳነብ የተሰማኝን ደስታ ልሸሽገው አልችልም፤ ያቺ ሴት በእኔ የእጅ ሰዓት ስትሄድ መሰለኝ።

ደስታዬ ግን ወዲያው ሌላ ነገር አስከተለብኝ። የእርሷ ሰዓትና የእኔ ሰዓት በስም አንድ ይሁኑ እንጂ በርዝመት አንድ አልነበሩም። ሮማውያን የሚከፍሉት ብርሃኑን ነው። ቀኑ ቢረዝምም ቢያጥርም፣ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ያለው ዐሥራ ሁለት ይከፈላል። በሲና በረጅሙ የበጋ ቀን አንዱ ሰዓት 70 ደቂቃ ያህል ይሆናል፤ በአጭሩ የክረምት ቀን ደግሞ 52 ደቂቃ ያህል ብቻ። ስለዚህ በእነርሱ አቆጣጠር «ዐሥረኛው ሰዓት» ማለት በየትኛውም ወቅት ቢሆን «ከብርሃኑ አንድ ስድስተኛው ቀርቷል» ማለት ነው። ሰዓቱ ያለፈውን ብቻ ሳይሆን የቀረውንም ይናገራል። በእኛ በባንክ ቋንቋ፣ እያንዳንዱ ሰዓት ቀሪ ሒሳብ ነበር።

የእኛ ሰዓት ግን ዛሬ የብረት ሰዓት ነው፤ በጋ ከክረምት 60 ደቂቃ ነው። ይህ በአዲስ አበባ ችግር አያመጣም። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆንን በረጅሙና በአጭሩ ቀናችን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጀንበር በ12 ገደማ ትወጣለች፤ በ12 ገደማ ትጠልቃለች። ሰዓታችንና ሰማያችን ስለሚስማሙ «12 ሰዓት ላይ ይመሻል» የሚለው ነገር ከተፈጥሮ ሕግ የተቈጠረ ያህል በአጥንታችን ውስጥ ገብቷል። ሲና ግን ከእኛ በብዙ ወደ ሰሜን ይርቃል። በታኅሣሥ ጀንበር ከጠዋቱ 12፡30 ካለፈ በኋላ ወጥታ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ብርሃኑ በጠቅላላው 10 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ነው።

የሠንጠረዤ የመጨረሻ መስመር «መግቢያ 12፡00» እንደሚል አንባቢ ያስታውሳል። የሌለ ብርሃን መዝግቤ ነበር።

*

ወደ ራሴ ታሪክ ከመመለሴ በፊት፣ አክስቴና እኔ የረገጥነውን መንገድ ያበጁትን ሰዎች ላንሣ። ኤጌሪያ ካለፈች ከ160 ዓመታት በላይ ቆይቶ ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ በዕፀ ጳጦስ ዙሪያ ዛሬም የቆመውን የገዳሙን ቅጥርና ቤተ ክርስቲያን አሠራ። በጣራው ወራጆች ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ንግሥት ቴዎዶራን እንደ ሟች፣ ንጉሡን እንደ ሕያው ስለሚያነሣ፣ ግንባታው ከ548 እስከ 565 ባለው ጊዜ እንደ ተፈጸመ ይታወቃል። ከገዳሙ ኋላ የሚነሣውን የድንጋይ ደረጃ መነኮሳት ለንስሓ እንደ ሠሩት ይተረካል። ቁጥሩም በልማድ 3,750 ነው ይባላል። ከታች ወደ ላይ በድንጋይ ስንጥቅ መካከል ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ለወጣት ጉልበት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከ1848 እስከ 1854 ግብፅን የገዛው የቀዳማዊ አባስ ፓሻ ነው። ለጤናው የሚስማማ አየር ሲፈልግ በየተራራው ራስ ላይ ሥጋ አሰቅሎ፣ ሥጋው ዘግይቶ የበሰበሰበትን ተራራ መረጠ ተብሎ ይተረካል። በጀበል ሙሳ ትይዩ ባለው ተራራ ላይ ቤተ መንግሥት ጀመረ፤ ሳይፈጽመው ሞተ፤ ፍርስራሹ ዛሬም አለ። ወደ ሙሴ ተራራ ያወጣው ሰፊና ጠመዝማዛ መንገድ ግን ቀረ። ዛሬ «የግመል መንገድ» የሚባለው እርሱ ነው። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት ከራሱ በታች ባለችው፣ የኤልያስ ሜዳ በምትባለው ገንዳ መሰል ቦታ አጠገብ ነው። ከዚያ በላይ ለሁሉም ሰው አንድ መንገድ ነው፦ 750 ደረጃ፣ በእግር ብቻ። ከራሱ ላይ ያለችው የአሁኗ ጸሎት ቤት በጥንታዊው ፍርስራሽ ላይ የተሠራችው በ1934 ነው።

በ1868 መጨረሻና በ1869 መጀመሪያ የእንግሊዝ መሐንዲስ መኮንኖች መሣሪያቸውን ተሸክመው መጡና ተራሮቹን ለክተው ካርታ አነሡ። የመረጡት ወቅት ክረምቱን ነው፤ ሙቀቱን ሸሽተው አጭሩን ቀን ተቀበሉ። በረሃማ ተራራ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ወይ ሙቀቱን ወይ ብርሃኑን ያስከፍላል።

ካርታው ከመሠራቱ በፊትም ከተሠራ በኋላም መንገዱን በእግራቸው የሚያውቁት ግን የጀበሊያ በደዊኖች ናቸው። ስማቸው «የተራራው ሰዎች» ማለት ነው። ዩስቲንያኖስ ገዳሙን እንዲጠብቁና እንዲያገለግሉ ካመጣቸው ሰዎች እንደሚወለዱ በትውፊት ይነገራል። ሙስሊሞች ናቸው፤ ከክርስቲያኑ ገዳም ጋር ግን ለብዙ መቶ ዓመታት አብረው ኖረዋል። በየሸለቆው በድንጋይ ካብ የታጠሩ የለውዝ፣ የበለስና የወይን ቦታዎች አሏቸው። እንግዳ ሲመጣ የሚመሩት እነርሱ ናቸው። ይህም ለይምሰል አይደለም። በፌብሩዋሪ 2014 በቅድስት ካትሪን አካባቢ ተራሮች ላይ በበረዶ ማዕበል የተያዙ አራት ግብፃውያን ተጓዦች ሞተዋል። በበረሃ፣ በብርድ!

*

አሁን ወደ እኛ ቀን ልመለስ። የሄድነው የግብፅን ገዳማት ለመሳለም ከተነሣ ማኅበር ጋር ነው። ወደ ሲና የሚሄድ ብዙ ተጓዥ እንደሚያደርገው፣ የማኅበሩ ሰዎች በሌሊት ወጥተው ፀሐይ ስትወጣ ከራሱ ላይ ሊገኙ ወሰኑ። አክስቴ ግን ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በጨለማ አልሄድም አሉ። ግመል እንከራይ ስላቸውም «በእግሬ ነው የተሳልሁት» ብለው እንቢ አሉ። ስለዚህ ለሁለታችን ብቻ የቀን ጉዞ አሰናዳሁ። ያቺን ሠንጠረዥ የጻፍሁት ያን ጊዜ ነው።

ማታ ሠንጠረዡን ለበደዊኑ መሪያችን አሳየሁት። ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ አነበበና ራሱን ነቀነቀ፤ «መልካም ነው» ማለቱ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። መሪያችን ነበር፤ ፊቱን እስከ ዐይኑ ተሸፋፍኖ፣ ባትሪ ይዞ። ለካስ 2፡00ን ያነበበው በእርሱ ሰዓት ነው! እንቅልፍ እንዳላየ ዐይን እያሻሸሁ ፀሐይን በምልክት አሳየሁት፤ ገባው፤ ምንም ሳይል ተመለሰ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንደገና ሲመጣ ግን በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ረፍዷል» አለኝ። ዋጋ ሊያስጨምረኝ መስሎኝ መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ኋላ ላይ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሠንጠረዡን በእርሱ ሰዓት አነበብሁት። ከሌሊቱ 2 ተነሥቶ፣ ጠዋት በ7 ከራሱ ላይ፣ በ8 ወርዶ፣ እኩለ ቀን ላይ ከግርጌ መግባት! እንከን የሌለው ዕቅድ። ያቺ ወረቀት በእኔ ዐይን ስሕተት፣ በእርሱ ዐይን ልክ ነበረች።

ስንቃችን በሶና ዳቦ ቆሎ ነበር፤ ውኃ ደግሞ ስድስት ሊትር ይዘናል። ባትሪ አልያዝሁም፤ ሳይመሽ ስለምንገባ አያስፈልግም ብዬ። አክስቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በትራቸውን ይዘው፣ በየመቶ እርምጃው እያረፉ ወጡ። ስሌቴ ውስጥ ለድካም የጨመርሁት ጊዜ ነበር፤ እርሳቸው ቆመው ለሚጸልዩበት ግን አልጨመርሁም። ከኤልያስ ሜዳ ስንደርስ 7፡30 ሆኗል። በሜዳው ላይ ያረጀ የፈረንጅ ጥድ ቆሟል፤ ከበላዩ ወደ ራሱ የሚወስደው ደረጃ ይታያል።

መሪያችን ክንዱን ወደ ፀሐይ ዘረጋ። በፀሐይዋና በምዕራቡ ተራራ ጫፍ መካከል አራት ጣቶቹን አጋደመ፤ እጁን ዝቅ አድርጎ ደገመ፤ ሠለሰ። ከሦስተኛው በኋላ ጣቶቹ ተራራውን ነኩ። በአራት ጣት አንድ ሰዓት ይቆጠራል፤ ሦስት ሰዓት ቀርቶናል ማለቱ ነው። ቀጥሎ አክስቴን ተመለከተና ወደ ታች አመለከተ። እኔም ያን ጊዜ አሰላሁ። ለ750 ደረጃ መውጫ አንድ ሰዓት ተኩል፣ መውረጃው አንድ ሰዓት፤ ከዚያ በኋላ በአክስቴ እግር የአራት ሰዓት ቁልቁለት፣ በጨለማ፣ በውርጭ፣ በአንድ ባትሪ።

«ስንት ደረጃ ቀረን?» አሉኝ።

«ሰባት መቶ ሃምሳ፣ እትዬ።»

«አንተ ውጣ፤ እኔ እዚሁ ሆኜ እጠብቅሃለሁ።»

መሪያችን ብቻዬን ፈጥኜ ብወጣ ከሰዓት እንደማይበልጥብኝ ነገረኝ። ደረጃውን ቀና ብዬ አየሁት። አገሬ ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ ያሰብሁት ቦታ ነበር፤ ከላይ ሆኜ ልጽፈው ያሰብሁት ግጥም እንኳ ነበረኝ። ነገር ግን የማጠፋት ሰዓት ከእኔ ሒሳብ የምትነሣ አልነበረችም፤ ከአክስቴ ብርሃን የምትቆረጥ ናት። አልወጣም አልኋቸው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ የቀኑን ርዝመት ሳላጣራ እንዳወጣኋቸውም ነገርኋቸው።

አክስቴ ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥለው ወደ ዋሻው ጸሎት ቤት እያመለከቱ «ኤልያስ የቆመበት ለእኔ አነሰኝ ብለህ ነው?» አሉኝ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሰገዱ። እንጎቻ በልቶና ውኃ ጠጥቶ አርባ ቀን የተጓዘው ነቢይ ከእግዚአብሔር ተራራ ሲደርስ ያገኘው ዋሻ ነበርና እርሳቸው የጎደለባቸው ነገር እንደሌለ በፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። የጎደለው በእኔ ላይ ነው።

ቁልቁል ስንወርድ ጥላው ከእኛ ይልቅ ይፈጥን ነበር። ገዳሙ ያለበት ሸለቆ ጠባብ ስለ ሆነ ጀንበር ሳትጠልቅ ገና ይጨልማል። የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት የሄድነው በመሪያችን ባትሪና በስልኬ ብርሃን ነው፤ ስልኬ ከመንገድ ላይ ጠፋ። መሪያችን የአክስቴን ክንድ እንደ እናቱ ክንድ ይዞ አወረዳቸው። 11፡30 ላይ ከግርጌ ደረስን። ወደ ላይ ብንቀጥል ኖሮ ያን ሰዓት ገና ከተራራው ትከሻ ላይ እንሆን ነበር። ከስድስቱ ሊትር ውኃ የተጠጣው ሁለቱ ብቻ ነው። የበዛውን ተሸክሜ፣ የሚያንሰውን ሳልቆጥር ኖሬአለሁ።

*

ታሪክ የምናነበው ለምንድን ነው? ለዕውቀት፣ ለኩራት፣ ለቁጭት ይባላል። እኔ ደግሞ አንድ እጨምርበታለሁ፤ አንዳንዴ ታሪክ የሚነበበው ሳይረፍድ ለመመለስ ነው። ኤጌሪያ ያቆየችልን የተራራውን ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማስታወሻዋን አንብቤ ባለፍሁ ነበር። እርሷ ግን በስንት ሰዓት እንደ ደረሰች፣ በስንት ሰዓት እንደ ወረደች፣ ምን ያህል እንደ ቀራትና ለነገ ምን እንዳሳደረች ጻፈች። መንገደኛ ለመንገደኛ ሊተውለት የሚችለው ትልቁ ስጦታ ይኸው ይመስለኛል። ዛሬ በረሃማ ተራራ ለመውጣት የሚያስብ ወዳጅ ምክር ቢጠይቀኝ የምመልስለት ሦስት ነገር ነው፦ ብርሃኑን በዚያ አገር ሰማይ ቁጠር፣ ጉዞውን በደካማው እግር ለካ፣ መመለሻህን ከመውጫህ በፊት ጻፍ። ጽፈህም ለአገሩ ሰው አሳይ። ስታሳየው ግን ሁለታችሁም በአንድ ሰዓት እንደምታነቡ አረጋግጥ።

አክስቴ እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬም ደኅና ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ቡና ሲጠጡ ስለ ሲና ይጠይቋቸዋል። እርሳቸውም «ከኤልያስ ዘንድ ደርሻለሁ» ይላሉ፤ ስለዚያ የበደዊን ልጅ ደግነት፣ ስለ ጥዱ፣ ስለ ብርዱ ይተርካሉ። ስለ ሠንጠረዡ ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገሩም። ስለዚህ እኔ ራሴ ልናገር ብዬ ይህን ጻፍሁ።

ከላይ ሆኜ ልጽፈው ያሰብሁት ግጥም ሳይጻፍ ቀረ። ከግርጌ የተጻፈው ይህ ነው፦

ሰዓት ስቆጥር ዋልሁ፣ ብርሃን ሳልቆጥር፤
ተራራው አይጠብቅ፣ ጀንበር አትበደር።
በወረቀት መንገድ ሰው ሩቅ ይደርሳል፤
በእግሩ የሄደ ግን ቀኑን ይጠይቃል።

ቸር እንሰንብት።